ሁለት ዲግሪ ወደ ተሳሳተው ወገን

ሰውየውን በጎልፍ ሜዳው አካባቢ ሁሉም የሚያውቀው «ውሃ ልክ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ስሙን ዝም ብለው አላወጡለትም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል የፀጉር ያህል ካዘመመ ሳያቃና አይቀመጥም፤ ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ሄዶም ቢሆን ተነሥቶ ያቃናል። ሥራውም ይህንኑ አመሉን የሚመግብ ነው፤ የጎልፍ ዱላ ለባለቤቱ ልክ ማድረግ።

ብዙ ሰው የጎልፍ ዱላ እንደ ጃንጥላ ከሱቅ ገዝተው ይዘውት የሚወጡት ዕቃ ይመስለዋል። ውሃ ልክ ግን «ዱላ እንደ ሱሪ ነው፤ የሰው ለብሰህ እንዴት ትራመዳለህ?» ይላል። ሰው ዱላውን ጨብጦ ኳሷ ዘንድ ሲቆም፣ ጫፉ ላይ ያለው ብረት መሬቱን በውስጥ እግሩ ሙሉ እኩል መርገጥ አለበት። ዱላው ለባለቤቱ ከሚገባው በላይ ቀና ካለ ብረቱ በተረከዙ ይቆምና ኳሷ ወደ ግራ ትሄዳለች። ከሚገባው በላይ ካዘመመ ደግሞ በጣቱ ይቆምና ኳሷ ወደ ቀኝ ትኮበልላለች። ባለቤቱ ምስኪን ጥፋቱን ከወገቡ፣ ከትከሻው፣ ከዕድሉ ሲፈልግ ይኖራል፤ ጥፋቱ ያለው ግን የብረቱ አንገት ላይ ነው። ውሃ ልክ ያቺን አንገት በሞርሳ ያስርና በረጅም ማጣመሚያ ይዞ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ወደሚገባት ይመልሳታል።

የሚሠራው ከሜዳው አጥር ጀርባ ባለ ወርክሾፕ ነው፤ የሚኖረውም ከወርክሾፑ በላይ ባለች አንዲት ክፍል። በክፍሏ ውስጥ ሁሉም ነገር ካስቀመጠበት አይነቃነቅም። ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የተወውን ኩባያ ማታ እዚያው ያገኘዋል፤ ፎጣው በታጠፈበት አለ፤ ወንበሩም ፊቱን ባዞረበት። ብቻውን መኖር በጀመረ ሰሞን ይህ ነገር ደስ ብሎት ነበር። እየቆየ ግን፣ በር ከፍቶ ሲገባ ዕቃው ሁሉ ባለበት ሆኖ ሲጠብቀው፣ ቆሞ ያየውና ልቡ ትከብድበታለች። የሚያንቀሳቅሰው ሰው እንደሌለ ዕቃው ራሱ የሚነግረው ይመስለዋል።

ከሚስቱ ጋር ያጣላውም ይኸው ዓይኑ ነበር። ሽንኩርት ስትከትፍ «ቢላዋ እንደሱ አይያዝም» ይላታል። አልጋ ስታነጥፍ ከኋላዋ ሄዶ አንሶላውን ዳግም ይስባል። ለሰው ወሬ ስታወራ መኻል ገብቶ «ማክሰኞ አይደለም፣ ረቡዕ ነው» ብሎ ያርማታል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እጁን አንሥቶባት አያውቅም፣ አምሽቶም አይገባም። ብቻ ሁልጊዜ ልክ ነበር። አንድ ቀን ልብሷን በሻንጣ አድርጋ በሩ ላይ ቆመችና «ካንተ ጋር መኖር ሚዛን ላይ ቆሞ መኖር ነው፤ ደከመኝ፣ ልውረድ» አለችው። እሱም ብዙ ነገር ሊላት አፉን ከፍቶ የወጣለት «ሻንጣሽ አልተዘጋም» የሚል ብቻ ሆነ።

ሌላ ባል ማግባቷን የነገረችው አንዲት ልጃቸው ናት። እሱም «ስሙን እንዳትነግሪኝ፣ መልኩንም እንዳታሳዪኝ» አላት። ልጅቷ በሌላ ከተማ ሥራ ይዛለች፤ በሳምንት አንዴ ትደውላለች፤ ስትመጣም ለእናቷ ግማሽ፣ ለአባቷ ግማሽ ሆና ትውላለች።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በወርክሾፑ በር ገባ። ጎንበስ ያለው ከትሕትና ሳይሆን ከቁመት ነው፤ የመብራት እንጨት ያህላል። ክንዶቹ ግን ከሌላ ሰው የተዋሳቸው ይመስል አጫጭር ናቸው። በትከሻው የዱላ ቦርሳ አንጠልጥሏል።

«እንደምን አደሩ! ውሃ ልክ የሚሏቸው እርስዎ ነዎት?»

«ይሉኛል።»

«የሚስቴ ልጅ ናት የላከችኝ። ለልደቴ የሰጠችኝ ስጦታ ይኸው ነው፤ እርስዎ ዘንድ መለካት። ‹እሳቸው ሳይለኩህ ሁለተኛ ዱላ እንዳትነካ› ብላኛለች።»

ውሃ ልክ የሚስት ልጅ የሚለውን ሰምቶ አለፈው። በዓለም ላይ ስንት የሚስት ልጅ አለ።

ረጅሙ ሰው ወሬኛ ነበር፤ በራሱም ላይ መሳቅ ያውቃል። «ኳሶቼ ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚሄዱት» አለ። «ጓደኞቼ ‹አንተ በምትጫወትበት ቀን ከሜዳው ይልቅ ጎዳናው ላይ መሆን ያሰጋል› ይሉኛል። አስተማሪ ቀጥሬ ነበር፤ እሱም ተስፋ ቆረጠ።»

ውሃ ልክ ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ እጆቹንም ዘና አድርጎ እንዲለቃቸው ነገረው። ተንበርክኮ በሜትር ከእጁ አንጓ እስከ ወለሉ ለካ። ከዚያ የብረቱ ውስጥ እግር ላይ ፕላስተር ለጠፈና ኳሷን ጠንካራ የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ ግድግዳው ላይ ወደተወጠረው መረብ እንዲመታ አደረገው። ሰውየው መታ። ውሃ ልክ ዱላውን ገልብጦ አየ። ሰሌዳው በፕላስተሩ ላይ የተወው ጭረት መኻል ላይ መሆን ሲገባው በብረቱ ጣት በኩል ነበር። ደግሞ አስመታው፤ አሁንም ጣቱ ጋ።

«ዱላው ላንተ... ለእርስዎ አዘምሟል። ቁመት አለዎት፣ ክንድ የለዎትም። ሁለት ዲግሪ መቅናት አለበት።»

«እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ የኔ አይደለም?»

«የብረቱ ነው።»

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። «ለስንት ዓመት ራሴን ስሰድብ የኖርኩት!»

ውሃ ልክ አንዴ ደግሞ አቋሙን ሊያይ ፈልጎ ዱላውን አስጨበጠውና «አሁን እንዳይነቃነቁ» አለው። ልክ በዚህ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለው የሰውየው ስልክ ጮኸ።

«እባክዎ ይጫኑልኝ፤ ድምፁን ወደ ውጪ ያድርጉት። ካላነሣሁ ሞቷል ብላ ትሰጋለች» አለ ረጅሙ፣ እንደተገተረ።

ውሃ ልክ ስልኩን ተጫነ።

«የኔ ሆድ፣ አምፖሉን እንዳትረሳ» አለ የሴት ድምፅ። «የኮሪደሩ ተቃጥሏል። ደግሞ ቀስ ብለህ ንዳ።»

«መቼ ረስቼ አውቃለሁ?»

«ሁልጊዜ ነዋ!» አለችና ሳቀች።

ድምፁን ወዲያው ነበር ያወቀው። ሳቁን ግን አላወቀውም። እሱ ቤት ሳለች እንዲህ የሳቀችበትን ቀን በልቡ ፈልጎ አጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ የጠላው ሰው ይኸው ፊቱ ቆሟል፣ እሱ «እንዳይነቃነቁ» ስላለው እንደ ሐውልት ተገትሮ።

«ደህና ነዎት?» አለ ሰውየው። «ፊትዎ ልክ አይደለም።»

«ደህና ነኝ። ይሂዱና አምፖልዎን ገዝተው ይመለሱ፤ እስከዚያ ይደርሳል።»

ሰውየው ሲወጣ ዱላዎቹን አንድ በአንድ ሞርሳው ላይ ያስር ጀመር። ያስራል፣ ማጣመሚያውን አንገቱ ላይ ያጠልቃል፣ ይገፋል፣ ይፈታል። እጁ ይሠራል፤ ልቡ ግን አይቶት በማያውቀው ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ቆሟል። የኔ ሆድ አለችው። እሱን ምን ብላ ትጠራው ነበር? መጀመሪያ ላይ የሆነ ነገር ትለው ነበር፤ ኋላ ላይ ግን «ስማ» ብቻ ነበር።

ሰውየው ሲመለስ ዱላዎቹ ቦርሳቸው ውስጥ ገብተው ጠበቁት። ሌላ ጊዜ ውሃ ልክ ዳግም ሳያስመታ፣ ፕላስተሩንም ሳያይ ደንበኛ አይሸኝም። ያን ቀን ግን «ሜዳ ላይ ይሞክሩት» አለና በሩን ከኋላው ዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት ወርክሾፑን ሲያጸዳ ዓይኑ ከሞርሳው ጋር በተገጠመው የማዕዘን መለኪያ ላይ አረፈ። መርፌዋ የመጨረሻው ዱላ በተዋት ቦታ ቆማለች። መቆም የነበረባት ከመነሻዋ ሁለት ዲግሪ በላይ ነበር፤ እሷ ግን ሁለት ዲግሪ በታች ናት። መጥረጊያውን ለቀቀው። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለ፤ ትናንት ሁሉንም የገፋው ወደ አንድ ወገን ነበር። ሊያቃናቸው የሚገባውን ዱላዎች፣ ሁሉንም፣ አንድም ሳያስቀር፣ ይብሱን አዝምሟቸዋል።

መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ «ይበለው» የሚል ነበር። እኔ አውቄ አላደረግሁት፣ እጄ ነው የሳተው፣ ማንስ ያውቃል? ሰውየው እንደሁ ኳሱ ወደ ቀኝ ስትኮበልል መኖር ለምዷል። ይህን እያሰበ ምሳ ሰዓት ሆነ፤ ዳቦ ቆርሶ አፉ ውስጥ አዞረው እንጂ አልዋጠውም። የሰውየው ነገር ነው የከነከነው። ያ ሰው ዛሬ ነገ ሳይል ሜዳ ይወጣል። ጥፋቱ የኔ አይደለም ብሎ አምኖ፣ ደረቱን ነፍቶ። ኳሷ ከበፊቱ ብሳ አጥር ትዘላለች። ያኔ «በቃ፣ እኔው ነኝ» ብሎ ይስቃል። ያ ሳቁ ትዝ ሲለው ዳቦውን ትቶ ተነሣ።

ለልጁ ደወለ።

«አባዬ! መጣ አይደል? ለካኸው?» አለች።

«አውቀሽ ነው የላክሽው?»

«ብነግርህ ትለካው ነበር?»

«አልለካውም።»

«ለእሱም ብነግረው አፍሮ አይመጣም። ሁለታችሁንም እወዳችኋለሁ አባዬ። አንዱ ቤት ስገባ የሌላውን ስም ጫማ በር ላይ እንደማውለቅ አውልቄ መግባት ሰለቸኝ። ተቆጣህ?»

«ቤታቸውን ንገሪኝ።»

«ምነው? ልትጣላው ነው እንዴ?»

«ዱላዎቹን አበላሽቼበታለሁ።»

 «አንተ?» አለች።

«እኔ።»

ቤቱ ሩቅ አልነበረም፤ በእግሩ ሄደ። ደወሉን ተጫነ። የከፈተችው እሷው ናት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ መነጽር አድርጋለች። አየችውና ቀለሟ ተለወጠ።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም። ባልሽ አለ?»

«ሥራ ሄዷል።»

«ዱላዎቹን አብሮ ወስዷቸዋል?»

ግራ ገብቷት ዞር ብላ አየች። ቦርሳው ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከበሩ ሥር የሁለት ሰው ጫማዎች እንደተወረወሩ ተዘባርቀው ወድቀዋል፤ ከቦርሳው በላይ የተሰቀለው ሥዕልም ዓይን ላለው ሁሉ አዘምሟል። የውሃ ልክ እጅ ተነሣ፤ ያዘውና ኪሱ ከተተው።

«ተሳስቻለሁ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ተሳስቻለሁ። ላቃናቸው ሲገባኝ አዘመምኳቸው። ሁሉንም ነው። ይዣቸው ልሂድና ላስተካክላቸው።»

የበሩን መቃን ያዘች። ትስቅብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ አልሳቀችም።

«አብረን ስንኖር ይህችን ቃል ስጠብቃት ነው የኖርኩት» አለች ቀስ ብላ። «ስጠብቃት፣ ስጠብቃት፣ ለብረት ሆነችና አረፈችው?»

የኮሪደሩ መብራት ቦግ ብሎ በርቷል፤ ሁለቱም ከዚያ መብራት ሥር መቆማቸው ምቾት አልሰጠውም።

«ያን ዕለት» አለ፣ ጫማዎቹን እያየ፣ «ስለ ሻንጣው ከመናገር ሌላ ነገር ብናገር ይሻል ነበር።»

«ዚፑ ተበላሽቶ እኮ ነው። ብታየውም ባታየውም አይዘጋም ነበር።» መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። «ግባ፤ ቆመህ ቀረህ። ሻይ ላፍላ።»

«ሥራ አለኝ።»

«አዎ፣ አንተ ሥራ አለህ» አለች። ክፋት አልነበረበትም አነጋገሯ። ቦርሳውን አንሥታ አቀበለችው፤ ከባድ ስለነበር አብረው ያዙት፣ ከዚያ ለቀቀችለት።

ብረት ሲቸኩሉበት ይቆጣል። ወዲህ ያጣመሙትን ወዲያ ሲመልሱት አንገቱ ይደክማል፤ ስለዚህ ጥቂት በጥቂት ነበር የመለሰው። ይገፋል፣ ያቆማል፣ የስንጥቅ ድምፅ እንዳለ ጆሮውን ያቀርባል፣ ያሳርፈዋል። ሁሉም እሺ ሲሉት አንደኛው ብቻ፣ ብረቱ ላይ ዘጠኝ ቁጥር ያለበት፣ አንገቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ስንጥቅ አወጣ። ውሃ ልክ ስንጥቋን በጣቱ ዳበሳት። ከዚያ ደረጃውን ወጥቶ የራሱን ዱላዎች ከአልጋው ሥር ጎተተና ባለ ዘጠኙን አውጥቶ ለረጅሙ ሰው ልክ አቃናው።

ሰውየው ሲመጣ እንደበፊቱ አላወራም። በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክር ጀመር።

«ነገረችኝ» አለ። «ማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ...»

«ገብቶኛል።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ከጠየቅሁ በኋላ አላነሣውም። አውቀው ነው እንዴ?»

ውሃ ልክ ቀና ብሎ አየው። ደፍሮ መጠየቁን ወደደለት። «አይደለም» አለ። «አውቄ ባደርገው ኖሮ ቤትዎ ድረስ አልመጣም ነበር። እጄ ይሠራ ነበር፣ እኔ ግን አልነበርኩም።»

«አውቄ ነው ቢሉኝም አልፈርድብዎትም ነበር።»

«እኔ እፈርድ ነበር።»

ስለ ስንጥቁ ነገረው፣ የተተካውንም አሳየው። ሰውየው የውሃ ልክን ባለ ዘጠኝ አገላብጦ አየ። «እርስዎስ በምን ይጫወታሉ?»

«እኔ ከተጫወትኩ ቆየሁ።»

ከዚያ ፕላስተር ለጥፎ አስመታው። ጭረቱ መኻል ላይ ዋለ። ደግሞ አስመታው፤ መኻል። ሰውየው በደስታ ትከሻውን ሊመታው እጁን ሰነዘረና መኻል መንገድ ላይ አፍሮ መለሰው።

«ልጅቷ ስትመጣ» አለ ቦርሳውን እያነገተ፣ «ምሳ አብረን እንብላ ብላለች... ሚስ... ማለቴ...»

«ሚስትዎ ናት። ይበሉት፤ አይሰበርም።»

«ሚስቴ ብላለች።»

«እናያለን» አለ ውሃ ልክ። ሁለቱም «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ሰውየው አልለመነውም።

እሑድ ጠዋት ወርክሾፑ ዝግ ነው። ውሃ ልክ ሌላ ጊዜ እሑድን የሚገፋው መሣሪያ በመወልወል ነበር፤ ያን እሑድ ግን ውልወላው ቶሎ አለቀበት። ለዳቦ እንደወጣ ሰው ወጣና በሜዳው አጥር ሥር መራመድ ጀመረ። መለማመጃው ጋ ሲደርስ ያን ቁመት ከሩቅ አየው። ረጅሙ ሰው ብቻውን ቆሞ ይመታል። የመጀመሪያዋን ኳስ አናቷን ብቻ ነካትና መሬት ለመሬት ተንከባለለች፤ ቢሆንም የተንከባለለችው በቀጥታ ነው። ሁለተኛዋ ተነሣች። እምብዛም ከፍ አላለችም፣ ሩቅም አልሄደች፤ ግን ወደ ፊት፣ ልክ ወዳሰባት ሄደች።

ጭብጨባ ተሰማ። ውሃ ልክ ያኔ ነው ያያት። ከሰውየው ኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥታ ተቀምጣለች። «እሰይ!» አለች፤ ሰውየው ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣት።

እሱ ጋ በኖረችበት ዘመን ሜዳውን ረግጣው አታውቅም። ጎልፍ አትወድም ብሎ ነበር የሚያስበው። አሁን አጥሩን ይዞ ቆሞ ሲያስታውስ፣ ነይ ብሏት አያውቅም። አንድም ቀን።

ሊጠራቸው ይችል ነበር። አጥሩ የሽቦ ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል። ሌላ አንዲት ኳስ እስክትሄድ ቆሞ አየና እጁን ከሽቦው ላይ አነሣ። ዳቦውን ሳይገዛ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ክፍሉ ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ኩባያው በቦታው አለ። ፎጣው በቦታው አለ። ከመንገድ የልጆች ጫጫታ ይመጣል፤ ከዚያ ደግሞ ያልፋል። ብዙ ተቀመጠ። በመጨረሻ ስልኩን አንሥቶ ለልጁ ደወለ። እሑድ የመደወያ ቀናቸው አልነበረም፤ ደግሞ ሁልጊዜ የምትደውለው እሷ ናት።

«አባዬ? ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አለች ደንግጣ።

«ደህና ነኝ።»

«ምን ሆነ ታዲያ?»

«ምንም አልሆነም። ዝም ብዬ ነው።»

«አንተ ዝም ብለህ ደውለህ አታውቅም።»

«አላውቅም» አለ። ቀጥሎ ምን እንደሚባል ፈለገ፤ ከጎልፍ ዱላ በቀር የሚያውቀው ወሬ አልነበረም። «ምን እየሠራሽ ነው?»

«ልብስ እያጠብኩ ነው።»

«እ። ብዙ ነው?»

«የሳምንት ነው፤ ክምር ሆኗል።» ውሃ ሲንቦጫረቅ ተሰማው። «ሳሙና በእጄ ሆኖ ነው ያነሣሁት። ቆይ ስልኩን ጎኔ ላስቀምጠው። አሁን ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል።»

«እኔ እያጠብኩ አንተ አውራኝ።»

«እኔ ምን ወሬ አለኝ። አንቺ አውሪ፤ እኔ እሰማለሁ» አለ፤ ጫማውን አወለቀና እንደወደቀ ትቶት አልጋው ላይ ጋደም አለ።